«አልቃሾች» ላልከን፦ ስለ 911 እና ስለ አጎቴ ፔጆ

ባለፈው ሳምንት ስለ ፖርሽ 911 የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሦስት ጓደኞቼ ላኩልኝ። ሦስቱም «ይሄን አይተሃል?» ነው ያሉት። የከዚራ ልጅ ነኝ፣ የመኪና ወሬ ከተነሳ ምሳዬን እንደምረሳ ያውቃሉ። አነበብኩት። ማታ ደግሞ መለስ ብዬ አነበብኩት። አጻጻፉ ያምራል፣ አልክድም። ግን የተሳሳተ ነገር ባማረ አማርኛ ሲመጣ ብዙ ሰው ይቀበለዋል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የ911 አፍቃሪዎች መኪናዋ በተቀየረች ቁጥር ያለቅሳሉ፣ ልማድ ሆኖባቸዋል ይላል። በ1997 የወጣችውን ሞዴል ሲሰድቧት ከርመው ኩባንያውን ያዳነችው እሷ ሆነች፣ ስለዚህ ሁሌም የሚሳሳቱት እነሱ ናቸው ይላል። ቅርጿ እስካለ ድረስ ውስጧ ያለው ቆጣሪና ቁልፍ ቢቀየር ምን ችግር አለው ይላል። ኩባንያው ከአፍቃሪው የበለጠ ያውቃል ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ እኔን ያበሳጨኝ ይሄኛው ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን 911 የማይነዱ፣ ገና ከፔጆ 404 ያልወረዱ የድሬና የሐረር ልጆች ስለዚህች መኪና ምን አገባቸው ብሎ ይጠይቃል።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አናውቅም። ስለዚህ ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ ልመልስልህ። በንቀት እንዳታይብኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በለቅሶው ልጀምር። አንተ ለቅሶ ያልከው ነገር ይህችን መኪና አንዴ ከሞት አትርፏታል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የፖርሽ አለቆች 911 በቃች ብለው ነበር። ምትኳም ተዘጋጅታለች። በ1977 928ን አወጡ። ሞተሯ ከፊት፣ ስምንት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ። መጥፎ መኪና አልነበረችም፣ እንዲያውም በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላለች። ግን የ911 ሰዎች ልባቸው አልሄደላትም። በ1981 ፒተር ሹትስ የሚባል ሰው የኩባንያው ኃላፊ ሆኖ መጣ። እሱ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሠራተኛውም ደንበኛውም 911 ልትቆም ነው የሚለውን ሰምቶ አንገቱን ደፍቶ ነው ያገኘው። አንድ ቀን ዋና መሐንዲሱ ሄልሙት ቦት ቢሮ ገባ። ግድግዳው ላይ የሞዴሎቹን የወደፊት ዕቅድ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተሰቅሏል። የ928 እና የሌላዋ የፖርሽ ሞዴል የ944 መስመር ረጅም ነው፣ ወደፊት ይሄዳል። የ911 መስመር 1981 ላይ ተቆርጧል። ሹትስ ማርከር አነሳና የ911ን መስመር ከቆመበት ቀጠለው፣ ሰንጠረዡ አለቀ፣ እሱ ግን አላቆመም፣ ከወረቀቱ ወጥቶ ግድግዳው ላይ መሳሉን ቀጠለ።

ይሄን ታሪክ ሳስብ ሁሌ ሆዴ ይላወሳል። ያ ማርከር እንዲነሳ ያደረገው ምን ይመስልሃል? የሽያጭ ቁጥር ብቻ? ሰዎች ስለሚወዷት ነው። ያ ፍቅር ባይኖር አንተም ስለ ምን ትጽፍ ነበር፣ እኔስ ምኑን እመልስልህ ነበር?

አሁን ወደ 1997 እንሂድ። እዚህ ላይ ግማሽ ልክ ነህ። ግማሹን ግን ረስተኸዋል፣ ወይም አላየኸውም።

መጀመሪያ ልክ የሆንክበትን ልናገር። ከ1963 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የ911 ሞተር በአየር ነበር የሚቀዘቅዘው። በ1997 ውኃ ገባ። «ነፍሷ ወጣች» ብለው የጮኹ ብዙ ነበሩ። እኔ ያን ጩኸት እረዳዋለሁ፣ ምክንያቱን ልንገርህ።

ልጅ ሆኜ አጎቴ ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ነበረው። አንዳንድ ቅዳሜ ሰው ይዞ ድሬ ሲወርድ እኔን ይዞኝ ይመለስ ነበር። የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ከድሬ ሙቀት ተነስተህ በጠመዝማዛ ብቻ ነው ወደ ብርዱ የምትወጣው። እኩል ላይ ስንደርስ ፔጆዋ ትግላለች። አጎቴ መለኪያውን አያይም፣ በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። «ሸተተኝ» ይልና ዳር ያወጣታል። ኮፈኑን ከፍቶ እጁን በጨርቅ ይጠቀልላል። የራዲያተሩን ክዳን ሩብ ዙር ብቻ ያላላዋል፣ ከዚያ አይበልጥም። እንፋሎቱ ሽሽሽ ብሎ ሲወጣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ይጠብቃል። እኔ ከኋላ ቢጫውን ጀሪካን አመጣለሁ። እንዲህ ቆመን ውኃው እስኪረጋ ስንጠብቅ አንዲት ቮልስ ጠጠጠጠ እያለች በአጠገባችን ታልፋለች። ጀሪካን የላት፣ ራዲያተር የላት። አጎቴ በዓይኑ ይሸኛታል። «እሷ ውኃ አትጠጣም» ይለኛል፣ ሁሌ።

ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። 911ን የነደፈው ደግሞ የልጅ ልጁ፣ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ መኪናዋ ስትታይ ገና የ27 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለቱም መኪኖች ሞተራቸው ከኋላ ነው፣ ሁለቱንም ያን ጊዜ አየር ነበር የሚያቀዘቅዛቸው። ድምፃቸውም ዘመድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ያ ድምፅ ጠፋብኝ ብሎ ሲያዝን አልቃሻ አልለውም።

ሆኖም በውኃው ጉዳይ ኩባንያው ልክ ነበር። በእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቭ ሲገባ በቫልቮቹ መሀል ያለው ብረት እጅግ ይግላል፣ አየር እዚያ ድረስ ገብቶ እኩል ሊያቀዘቅዘው አይችልም። የጭስና የድምፅ ሕጎችም እየጠበቁ ነበር። ውኃ ግድ ሆነ። ኩባንያውም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊወድቅ ጫፍ ደርሶ ስለነበር አዲሷ 911 ከርካሿ የፖርሽ ሞዴል ከቦክስተር ጋር ብዙ ዕቃ እንድትጋራ አደረጉ፣ ያም አዳናቸው። እስከዚህ ድረስ ከአንተ ጋር ነኝ።

ግን ሰው ያማረረው በውኃው ብቻ ነበር? የፊት መብራቷስ? ክቡ የ911 ዓይን ጠፍቶ ፍሬቻውም ሌላውም አንድ ላይ የፈሰሰበት፣ ከቦክስተር የተወሰደ መብራት መጣ። «የተጠበሰ እንቁላል» አሉት። ሰባት ዓመት ሙሉ አሉት። በ2004 ቀጣዩ ሞዴል ሲወጣ መብራቱ ክብ ሆኖ ተመለሰ። አቦ፣ አሁን ማን ነበር የተሳሳተው?

ሌላም አለ። በዚያ ሞተር ውስጥ አንዲት ትንሽ ኩስኔታ፣ የሚዞር ዘንግ የምትሸከም ቀለበት፣ አለች። እሷ ከተበላሸች ሞተሩ በሙሉ ሊሄድ ይችላል። የጋራዥ ሰው ለሆነ አንባቢ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም፣ በጣት የምትያዝ ዕቃ ናት ሞተር የምታወርድህ። ስለዚች ኩስኔታ አጥብቀው የጮኹት ባለቤቶቹና አፍቃሪዎቹ ናቸው። ይሄንንም ለቅሶ ልትለው ነው?

አየህ፣ ሦስት የተለያየ ነገር አንድ ከረጢት ውስጥ ከተትክ። በውኃው ተሳስተዋል፣ በመብራቱ ልክ ነበሩ፣ በኩስኔታዋ ደግሞ ከልክም በላይ። «ሁሌም ይሳሳታሉ» ማለት እያንዳንዱን ቅሬታ ላለማየት የሚመች አነጋገር ነው።

ስለ ቆጣሪውና ቁልፉ የጻፍከው ሦስተኛው ነገር አጭር ነበር፣ ሁለት መስመር። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

911 ውስጥ ስትገባ ከፊትህ አምስት ክብ መለኪያ ትደረደራለች። መሀል ላይ ያለው ትልቁ ፍጥነት የሚነግርህ አይደለም፣ የሞተሩን ዙር ነው። እዚህ ላይ ቆም በል። መኪናዋ ገና ስትገባ ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ አትልህም፣ ሞተሬን አድምጥ ነው የምትልህ። የማስነሻው ቁልፍ ደግሞ ከመሪው በስተግራ ነው። የመጀመሪያዋም የኋለኞቹም እንዲህ ነበሩ። በ2024 የወጣው ማሻሻያ ላይ ግን መለኪያዎቹ በሙሉ ስክሪን ሆኑ፣ የመጨረሻዋ እውነተኛ ቀስትም ጠፋች። የሚዞረው ማስነሻም ቀርቶ የሚጫኑት ሆነ።

«ስክሪኑም ክብ ይሥላል፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብለሃል። ልዩነቱን የድሬ ሰው ይነግርሃል። ግንቦት ላይ ስልክህን ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጠህ ሱቅ ገብተህ ውጣ። እኔ ስንት ጊዜ «ስልኩ ግሏል» ብሎ ጠፍቶብኛል። የመኪና ስክሪን ከስልክ የጠነከረ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሙቀት ታስቦ ነው የሚሠራው። ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ሲያልፍስ? የቀስት መለኪያ ሲበላሽ የሚፈታ ነገር ነው። ጥርስ አለው፣ ሽቦ አለው። የአጎቴ ፔጆ የፍጥነት መለኪያ ቆሞ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደነው ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሰውየው ዓይኑ ላይ ማጉያውን አድርጎ፣ ቀስቷን በወረንጦ አንስቶ፣ ከሥሯ አንድ ጸጉር የምታህል ሽቦ አቃንቶ መለሳት። ስክሪን ሲሞት ምን ታቃናለህ? ፖርሽ ራሱ ከሠራቸው መኪኖች ከ70 በመቶ በላይ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው እያለ ይኮራል። የቆዩት ሊፈቱና ሊጠገኑ ስለሚችሉ ነው። አፍቃሪው ቀስቷን መልሱልኝ ሲል ያን ዕድሜዋን ነው መልሱልኝ የሚለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፣ ለውጥ ጠልተህ ነው እንዳትለኝ። በዚያው በ2024 ጂቲኤስ የምትባለዋ 911 ኤሌክትሪክ የሚያግዛት ሆና ወጣች። 3.6 ሊትር ሞተር፣ 541 የፈረስ ጉልበት። ሶኬት ላይ አትሰካም፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋውን ተርቦ ፈጥኖ ለማስነሳትና ሞተሩን ለማገዝ ነው። ክብደቷም ከበፊቷ በ50 ኪሎ ያህል ብቻ ነው የጨመረው። «ባትሪ ገባባት፣ አለቀላት» ያሉ አፍቃሪዎች አሉ። ቸኩለዋል። ስድስቱ ሲሊንደር እዚያው ከኋላ ነው፣ ባሕርይዋም አልጠፋም። እኛም አገር በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ድምፅ የሌለው መኪና አጠገባችን ሲቆም መደንገጥ ትተናል። ኤሌክትሪክን አልጠላም። ያለ ምክንያት የሚጠፋን ነገር ነው የምጠላው። ባትሪው ሥራ ይሠራል። የቀስቷ መጥፋት ለነጂው ምን ሠራለት?

አራተኛው፣ ኩባንያው ከእናንተ የበለጠ ያውቃል ያልከው። ስለ ብረት አዎ። ስለ ሙቀት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ ጎማ፣ አዎ፣ እኔ ከነሱ መሐንዲስ ጋር አልከራከርም። ግን የ2013ን ነገር አስታውስ። ጂቲ3 የምትባለዋ፣ ለውድድር ሜዳ የምትቀርበው 911፣ በዚያ ዓመት በእጅ ማርሽ ሳይኖራት ወጣች። አውቶማቲክ ብቻ። የኩባንያው ምክንያት የማያከራክር ነበር፣ አውቶማቲኩ ከማንም እጅ ይፈጥናል። እውነት ነው፣ ይፈጥናል። አፍቃሪዎቹ ግን አልተዉም። ፍጥነት አይደለም የጠየቅነው፣ ፍሪሲዮን በእግራችን፣ ማርሽ በእጃችን ይሁን አሉ።

በ2016 ፖርሽ 911 አር የምትባል አወጣ። በእጅ ማርሽ ብቻ። 991 ፍሬ ብቻ ሠራ። ወዲያው አለቀች፣ ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይም ከመሸጫዋ እጅግ በበለጠ ዋጋ መቸብቸብ ጀመረች። በዓመቱ፣ በ2017፣ ጂቲ3 ራሷ የእጅ ማርሽን በምርጫ ይዛ ተመለሰች። እስካሁንም አለ።

እንግዲህ ኩባንያው ከአፍቃሪው የበለጠ ካወቀ ለምን መለሰው? ስለሰማ ነው። ፖርሽን የማከብረው ለዚህም ነው። የሠራው ሰው ጥበቡን ያውቃል፣ የሚነዳው ሰው ደግሞ ስሜቱን ያውቃል፣ አንዱ ሌላውን ሲሰማ ነው ጥሩ መኪና የሚወጣው። አንተ ግን አንደኛው ወገን አፉን ይዝጋ ነው ያልከው።

ወደ መጨረሻው መጣን። እኛ ምን አገባን?

ባለቤት ያልሆነ አያገባውም ካልክ ድሬ ላይ ግማሹ ሰው ዝም ይበል ማለት ነው። አርሴናል ሲሸነፍ ከዚራ ላይ ራት የማይበላው ሰው ለንደን ትኬት ቆርጦ ገብቶ ነው? የሚወዱትን ነገር ማወቅ፣ ያወቁትን መናገር፣ ለዚያ ማንም ፈቃድ አይጠየቅም።

ስለ ፔጆዋ ግን ዝርዝር ልስጥህ፣ እንደ ስድብ ስለተጠቀምክባት።

ያቺ መኪና 911 ስትወለድ ስሟ 911 አልነበረም። 901 ነበር። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ የታየችው 901 ተብላ ነው። በ1964 ፓሪስ ላይ ስትቀርብ ፔጆ ተቃወመ። መሀሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ የመኪና ስም ፈረንሳይ ውስጥ የኔ ነው አለ። 203፣ 403፣ 404። ፖርሽ ከመከራከር ይልቅ ዜሮውን አወጣና አንድ ተካበት። 911 ሆነች። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሰው ቲሸርት ላይ የሚያትመው ቁጥር፣ አንተም ርዕስህ ላይ የጻፍከው ቁጥር፣ የአጎቴ ታክሲ ቂጥ ላይ በተለጠፈው ዜሮ ምክንያት የመጣ ነው። በዚያን ጊዜ 404 አራት ዓመቷ ነበር። ከጣሊያኑ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ ከፒኒንፋሪና ጋር የተነደፈች፣ ከኋላ ክንፍ የመሰለ ጠርዝ ያላት፣ ሞተሯ 45 ዲግሪ ጎኗ ላይ የተጋደመ፣ ማርሿ መሪው ሥር። የሐረርና የድሬ ሰው በዓይኑ የሚያውቃት ቅርጽ።

ውድድር ካልክም ውድድር አለ። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። አራት ጊዜ። ፖርሽ ሳፋሪን ለማሸነፍ ስንት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለተኛ ወጣ፣ አላገኛትም። በ1978 911 ሁለተኛ ስትወጣ አንደኛ የወጣችው ፔጆ 504 ኩፔ ናት። እኛ የምንኖርበትን ዓይነት መንገድ፣ አቧራውን፣ ጭቃውን፣ ድንጋዩን፣ ፔጆ ነው ያሸነፈበት። ይሄን የምልህ 911ን ለማሳነስ አይደለም፣ እወዳታለሁ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩትም ስለምወዳት ነው። ግን «ከፔጆ ያልወረዱ» ብለህ ስታቃልለን የማን ታሪክ ላይ እንደቆምክ እወቅ።

ከፔጆ አልወረድንም፣ እውነት ነው። ድሬ የሸመንደፈር ከተማ ናት፣ በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ተቆረቆረች፣ ብረት ፈትቶ መግጠም ከዚያ ጀምሮ የሰፈር ሙያ ነው። የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ኮፈን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ ነው፣ ማን እንዳመጣው ሳንጠይቅ የኛ አድርገነዋል። አንድ መኪና ስድስት ጊዜ ፈትቶ ስድስት ጊዜ የገጠመ ሰው የትኛው ለውጥ መኪናዋን እንደሚጠቅም፣ የትኛው እንደሚያደኸያት ያውቃል። አጎቴ 911 በአካል አይቶ አያውቅም። ፎቶዋን ሳሳየው፣ የ2024ቱን ውስጧን፣ ስልኬን ተቀብሎኝ ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው። «ቀስቱ የታለ?» ነው ያለኝ። ምንም ሳልነግረው።

ፔጆዋ አሁንም አለችው። ታክሲነቱን ለባጃጆቹ ትቷል፣ ግን በየሳምንቱ ያስነሳታል፣ ግቢ ውስጥ እንድትሞቅ። ሐረር ከመጣህ ደውልልኝ፣ ፈረስ መጋላ ላይ እንገናኝና ቤቱ ልውሰድህ። ፊት ወንበር ተቀመጥ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ግራ እግሩንና ቀኝ እጁን እይ፣ ፊቱንም። ስለ ማርሽ ያልኩህን ከዚያ በኋላ እንደገና እናወራበታለን።